«ታን» ብቻ ይል የነበረው ሰው

የቀድሞ ተማሪዎቼ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ክፍል ውስጥ የምንጨቃጨቀው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ነበር። ዛሬ ስለ አንድ የጫማ ፎርማ ሠሪ ላውጋችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰውየው ሉዊ ቪክቶር ለቦርኝ ይባላል። በ1809 ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ ቢሆንም ሠርቶ ያድር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲሆነው ንግግር ጠፋው። ፓሪስ አጠገብ ያለው ቢሴትር ሆስፒታል ገባና እዚያው 21 ዓመት ኖረ። ምንም ቢጠይቁት ከአፉ የሚወጣው «ታን፣ ታን» ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ታን» እያለ ይጠራው ጀመር።

ልብ በሉ፣ ሰውየው የሚባለውን ይሰማል፣ ይገባዋልም። በእጁ ምልክት ሊያስረዳ ይሞክራል። አልገባቸው ሲል ይናደዳል፤ ሲናደድ ደግሞ፣ ይገርማችኋል፣ አንዲት የእርግማን ቃል ጥርት ብላ ትወጣለች! በቃ፣ ቂመኛ የሚል ስም ወጣለት። አብረውት ያሉት ሕሙማን ሌባ ነው እስከማለት ደረሱ። እሱ ምን ብሎ ይከራከር?

እያደር ቀኝ እጁ፣ ከዚያም ቀኝ እግሩ ሽባ ሆነ። ኤፕሪል 1861 ላይ እግሩ ክፉኛ ስለቆሰለ ፖል ብሮካ ወደሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ወሰዱት። በዚያ ሰሞን የፓሪስ ምሁራን «ንግግር አንጎል ውስጥ የራሱ ቦታ አለው ወይስ የለውም?» እያሉ ይሟገቱ ነበር። ብሮካ ሰውየውን «እዚህ ስንት ዓመት ቆየህ?» ሲል ጠየቀው። ለቦርኝ የግራ እጁን ጣቶች አራት ጊዜ ዘረጋ፣ ከዚያ አንድ ጣት ጨመረ። ሃያ አንድ! በማግስቱም ሲጠይቀው ያንኑ መለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀው ግን እየፈተነው እንደሆነ ገባውና ተቆጣ፤ ያቺ እርግማን ወጣች።

ሰውየው ዓመቱን ቆጥሯል ማለት ነው። 21 ዓመት ሙሉ።

ለቦርኝ ኤፕሪል 17 ቀን አረፈ። አንጎሉ ሲመረመር ግራው የፊት ክፍል ተጎድቶ ተገኘ። ብሮካ በማግስቱ ለምሁራን ማኅበር አቀረበው፤ ያ ቦታ እስከ ዛሬ በብሮካ ስም ይጠራል። በ1864 ደግሞ አርማን ትሩሶ የሚባል ሐኪም ሕመሙን «አፌዥያ» አለው። አንጎሉ ፓሪስ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። የሕክምና ተማሪ ሁሉ «ታን»ን ያውቀዋል። የት እንደተወለደ ግን አንድ የፖላንድ ተመራማሪ መዝገብ አገላብጦ ያሳተመው በ2013 ነው።

ይህን ታሪክ ያነበብኩት አባባ ካረፉ በኋላ ነው። ምነው ቀደም ብዬ ባነበብኩት!

አባባ ስንት የተጣላ ያስታረቁ ሽማግሌ ነበሩ። ስትሮክ ሲመታቸው የቀረቻቸው ቃል «እሺ» ብቻ ሆነች። ጠያቂ ሲመጣ አጠገባቸው ተቀምጦ እኔን «ሻይ ይጠጣሉ?» ይለኝ ነበር። አንዳንዱም እዚያው «አእምሯቸው ሄዷል አይደል?» ይላል። እኔም ዝም እላለሁ። አንድ ቀን ቤታቸው ተሸጦ እኛ ዘንድ እንዲኖሩ ጠየቅናቸው። «እሺ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ደስ ብሏቸው ነው» ተባባልን። ቤቱ ተሸጠ።

አባባ እኮ «እምቢ» የምትል ቃል አልነበረቻቸውም። በእጅዎ ያሳዩን ያለ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ዛሬም ስለዚያች ቀን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

እኛ «ከብት ካለው አፍ ያለው ያግባሽ» የምንል ሕዝብ ነን። አንደበተ ርቱዕ እንወዳለን፤ የሚንተባተበውን ልጅ እንስቅበታለን፣ አንደበቱ የተያዘውን ሽማግሌ እንደ ሕፃን እናባብላለን። ከስትሮክ ከተረፉ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ እንዲህ ያለ የንግግር ችግር ይገጥመዋል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደርስላቸው ቤተሰብና ጎረቤት ነው።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ እሱን ራሱን አናግሩት። አትጩሁበት፣ ጆሮው ደህና ነው። አጠር ያለ ጥያቄ፣ አንድ በአንድ ጠይቁና ጠብቁ፤ ዝምታው ቢረዝምም ጠብቁ። አፉን ብቻ አትመኑ፤ በራሱ ይነቅንቅ፣ በጣቱ ይጠቁም፣ ሥዕል ወይም ዕቃ አሳዩት። ነገሩ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ገልብጣችሁ ጠይቁ፤ «ይሸጥ?» ብላችሁ ከሆነ «ይቅር?» በሉት። ለሁለቱም «እሺ» ካለ መልሱን ገና አላገኛችሁም።

እኔ ይህን አላደረግሁም። እናንተ አድርጉት። ወላጆቻችሁ ካሉ ዕድሜ ይስጥልኝ።