ፒንግ ፖንግ ማለት ምን ማለት ነው?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ፒንግ ፖንግ» ይባላል።

ፒንግ ፖንግ በጠረጴዛ ላይ የሚደረግ የኳስ ጨዋታ ነው። በጠረጴዛው መካከል አጭር መረብ ይወጠራል። ተጫዋቾቹ ከወዲያና ከወዲህ ይቆማሉ። በእጃቸው ትንሽ መምቻ ይይዛሉ። ኳሷ ቀላል ናት፤ ውስጧ ባዶ ነው። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይመልሳል። በጋዜጣ ላይ «የጠረጴዛ ቴኒስ» ተብሎም ይጻፋል።

ታዲያ ፒንግ ምንድን ነው? ፖንግስ? ሁለቱም ድምፅ ናቸው። ኳሷ ስትመታና ስትነጥር የምታሰማው ድምፅ ለጨዋታው ስም ሆነ።

ይህ ለሐረር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በተሠራው የጀጎል ግንብ ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ብቻ ያነበበ ሰው መኪና የሚተራመስበት ሰፊ ጎዳና ይመስለዋል። መንገዱ ግን ጠባብ ነው። መኪና የተባለው የልብስ ስፌት መኪና ነው። ልብስ ሰፊዎች በመንገዱ ዳር ተቀምጠው ይሰፋሉ። ግርግር የመኪናቸው ድምፅ ነው። በአቅራቢያው ፈረስ መጋላ አለ፤ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ፈረስ መጋላ ስሙን ያገኘው ይሸጥበት ከነበረው ነገር ነው። መኪና ግርግር ግን ከሚሰማበት ድምፅ ነው። ፒንግ ፖንግም እንደዚሁ ነው።

ጨዋታው የተጀመረው በእንግሊዝ አገር፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ባለጸጎች ከእራት በኋላ በምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ይጫወቱት ነበር። ከመምቻዎቹ አንዳንዶቹ እንደ ከበሮ ብራና የተወጠረባቸው ስለነበሩ ይጮኹ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 ገደማ ነጋዴዎች ስሙን የራሳቸው አድርገው አስመዘገቡት። በ1926 ዓለም አቀፉ ማኅበር ሲቋቋም ግን «የጠረጴዛ ቴኒስ» የሚለውን ስም ያዘ። ነገር ግን የሕዝብን አፍ ማን ይዘጋዋል? ሕዝቡ ፒንግ ፖንግ ማለቱን አልተወም። ቻይኖችም «ፒንግ ፓንግ» ይሉታል።

ቃሉ ከጨዋታ ውጭም ይሠራል። አሜሪካና ቻይና ለብዙ ዓመታት ተኳርፈው ነበር። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. የአሜሪካ ፒንግ ፖንግ ተጫዋቾች ተጋብዘው ቻይና ገቡ። በየካቲት 1964 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ራሳቸው ሄዱ። ይህ «የፒንግ ፖንግ ዲፕሎማሲ» ተባለ። ዲፕሎማሲ የመንግሥታት ንግግር ነው። ትንሿ ኳስ ለትልቁ ንግግር በር ከፈተች ለማለት ነው።

ጉዳይ ሊያስፈጽም ወጥቶ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሰውም «እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ አደረጉኝ» ቢል ይገባናል። አንዱ ወደዚያ ይልከዋል፣ ሌላው ወደዚህ ይመልሰዋል። ማንበብ የቻለ ሰው ግን በበሩ ላይ የተጻፈውን ያነባል። ማመልከቻው ለማን እንደተመራ ራሱ ያያል። በቀላሉ የሰው ኳስ አይሆንም።

አሁን ቃሉን እንጻፈው። «ፒ» እና «ፖ» የፐ ቤተሰብ ናቸው። ፐ በፊደል ገበታችን መጨረሻ ላይ ትገኛለች። «ከሀ እስከ ፐ» የምንለው ለዚህ ነው። ፐ እና ጰ ከግሪክ ቋንቋ የመጡ ቃላትን ለመጻፍ ወደ ግዕዝ ፊደል የተጨመሩ ናቸው። «ጠረጴዛ» የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ ነው። አባቶቻችን እንግዳ ድምፅ በሰሙ ጊዜ ፊደል አበጁለት። እነሱ ባያበጁልን ኖሮ ፒንግ ፖንግን በምን እንጽፈው ነበር?

እንግዲህ ፐ፣ ፑ፣ ፒ፣ ፓ፣ ፔ፣ ፕ፣ ፖ በሉ። ሦስተኛዋንና ሰባተኛዋን ለዩ። ቀጥሎ በሰፈራችሁ በድምፁ የተሰየመ ነገር ካለ ፈልጉና ስሙን በደብተራችሁ ጻፉ። በጆሮ የሰማችሁትን በእጃችሁ ከጻፋችሁ፣ ቃሉ የእናንተ ነው።