አር-ራዚ ሳይጠይቃት የቀረችው ጥያቄ



ስለ ጥንት ሙስሊም ሐኪሞች ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናነሳው ስኬታቸውን ነው። ዛሬ ግን ከመካከላቸው እጅግ ስመ ጥሩ የሆነው ሐኪም ዘንግቷት ስለነበረች፣ መዘንጋቱንም በገዛ እጁ ስለመዘገባት አንዲት ጥያቄ እናወጋችኋለን።

ሐኪሙ አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ ነው። የተወለደው በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ በቴህራን አጠገብ ባለችው በረይ ከተማ ነው። በረይም በባግዳድም ቢማሪስታን፣ ማለትም ሆስፒታል፣ መርቷል። ኢብኑ ነዲም «አል-ፊህሪስት» በተባለው መጽሐፉ እንደሚነግረን፣ ሊያስተምር ሲቀመጥ ተማሪዎቹ በፊቱ በየተራቸው ይደረደሩ ነበር። በሽተኛ ሲመጣ ሕመሙን መጀመሪያ ላገኛቸው ተማሪዎች ይናገራል። እነሱ ካላወቁት ወደሚቀጥሉት ያልፋል። ሁሉም ሲያቅታቸው ነው አር-ራዚ የሚናገረው።

አንድ ቀን ዐብደላህ ኢብን ሰዋዳ የተባለ ሰው ታሞ መጣ። ትኩሳቱ አንዳንዴ በየቀኑ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀናት እያለፉ ይነሳበታል። ከትኩሳቱ በፊት ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሽንትም ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል። አር-ራዚ ሁለት ነገር ገመተ፦ ወይ እየተመላለሰ ወደሚነሳ የትኩሳት በሽታ ይለወጣል፣ ወይ ኩላሊቱ መግል ቋጥሯል። ብዙም ሳይቆይ በሽተኛው ከሽንቱ ጋር መግል አወጣ። አር-ራዚም ትኩሳቱ ከእንግዲህ አይመለስም አለው፤ እንዳለውም ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የሐኪሙን ክብር የሚጨምር ነበር። አር-ራዚ ግን ቁርጡን ከመጀመሪያው ለምን እንዳልተናገረ ራሱን መረመረ። ሰውየው ከዚያ በፊት ሌሎች ትኩሳቶች ይዘውት ስለነበር ሐሳቡ ወደዚያው አደላ። ከዚህም በላይ፣ በሽተኛው ሲቆም ጎንና ወገቡ ላይ እንደተንጠለጠለ ሸክም ይከብደው እንደሆነ አልነገረውም፤ አር-ራዚም ይህን መጠየቅ ዘነጋ። መዘንጋቱንም ሳይሸፍን ጻፈው።

ለምን «ሲቆም» አለ? ሰው የሚተኛበት፣ የሚቆምበትና የሚቀመጥበት ሁኔታ ለሐኪም ምልክት ስለሆነ ነው። ከግሪኩ ሒፖክራጥስ ወደ ዐረብኛ የተተረጎመው የሕክምና ትምህርት፣ በሽተኛው እጅና እግሩን በመጠኑ አጥፎ በጎኑ ከተኛ ደህና ምልክት ነው ይል ነበር። በጀርባው ተዘርግቶ፣ ወደ አልጋው ግርጌ እየተንሸራተተ ከተኛ ግን ያሰጋል። ይህ ዓይነቱ አስተውሎት ዛሬም ሐኪም ቤት አለ። የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው ይገላበጣል፤ ሆድ ዕቃው የተቆጣበት ግን እንቅስቃሴ ስለሚያሳምመው ጸጥ ብሎ ይተኛል። ልቡ የደከመ ሰው በጀርባው ሲጋደም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህም ሐኪሙ ስንት ትራስ ደርቦ እንደሚተኛ ይጠይቀዋል።

የአር-ራዚ ማስታወሻዎች ከሞቱ በኋላ ተሰብስበው «አል-ሓዊ» የተባለው ግዙፍ መጽሐፍ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1279 ፈረጅ ኢብን ሳሊም የተባለ የሲሲሊ አይሁዳዊ ሐኪም ወደ ላቲን መለሰው። የኢብን ሰዋዳ ሕመምና ያልተጠየቀችው ጥያቄም በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፈው ለትውልድ ተላለፉ። እኛ ዛሬ ልናውቃት የቻልነው እሱ ስላልደበቃት ነው።

በታሪካችን መኩራት መልካም ነው። ኩራቱ ግን ሥራ ሲሆን ያምራል። ሕክምና የምትማሩ ወጣቶች፣ ከመሣሪያው በፊት በሽተኛው እንዴት እንደተኛ እዩ፤ ያመለጣችሁንም ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ይማርበታል። ሌሎቻችንም እናት አባቶቻችንን ይዘን ሐኪም ቤት ስንሄድ እናግዛቸው። ብዙዎቹ «ወገቤን» ብለው ዝም ይላሉ። ሲቆሙ ነው ወይስ ሲጋደሙ የሚብሳቸው? በየትኛው ጎን ሲተኙ ይቀላቸዋል? ትኩሳቱ የተነሳው መቼ ነው? ሽንታቸውስ? ይህን ቤት ሳለን ጠይቀን ብንሄድ፣ አር-ራዚን የሚያህል ሐኪም ያመለጠችው ጥያቄ በእኛ ቤት አታመልጥም።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉት።