ኮከብና ክታብ በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ፣ ከለሚ እስከ አንኮበር፣ ሰፊው ሕዝብ ከደዌና ከክፉ መንፈስ ይጠብቀኛል ብሎ ሲይዘው የኖረው የብራና ክታብ የሥዕልም የታሪክም ቅርስ ነው። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ሰፍቶ ዐይኖችን፣ ሰይፍ የመዘዙ መላእክትንና የሰሎሞንን ማኅተም በቀይና በጥቁር ቀለም ይሥልበታል። በዐውደ ነገሥትም የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ደምሮ ለ12 ይገድፋል፤ ቀሪው ኮከቡን ያመለክታል። ሐመል፣ ሠውር፣ አሰድ የተባሉት የከዋክብት ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ኢጣሊያዊው ማርሲሊዮ ፊቺኖ እ.ኤ.አ. በ1489 ስለ ከዋክብት ምስሎች ኃይል ሲጽፍም ከዐረብ ሊቃውንት መጻሕፍት ቀድቷል።

ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ጥንቆላንና አስማትን በብርቱ አወገዙ። ሆኖም ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ በሰማይ ብርሃን በታየበት ስፍራ ደብረ ብርሃንን ቆረቆሩ፤ ሕዝቡም የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንን መካዱን በክንዱ ጽፎ እንዲይዝ አዘዙ። የተጻፈ ቃል ኃይል እንዳለው ንጉሡም ደብተራውም ያምኑ ነበር፤ ያጣላቸው የመጻፉ ሥልጣን ነው። ክታብን አጉል እምነት ነው ብሎ የሚጥል ሁሉ ይህንን ታሪክ አብሮ ይጥላል።