የአንድ ሰው ቦታ

ባለፈው ጳጉሜን አንድ አመሻሽ፣ ከሥራ ወጥቼ በሲቀላ በኩል ወደ ቤቴ ሳዘግም የአንድ ኮሌጅ ቡድን ልምምድ ላይ ደረስኩና ቆሜ ማየት ጀመርኩ። የዝግጅቱ ማብቂያ ቀን ነበር። ሌሎቹ ተጫዋቾች ላባቸውን እየጠረጉ በየጥጋቸው ሲሣሣቁ፣ ሁለት ግብ ጠባቂዎች ብቻ ከግቡ አጠገብ ቀርተዋል። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይወረወራል፤ ጥቂት ቆይተው ቦታ ይለዋወጣሉ። ከሁለቱ የሚሰለፈው አንድ ብቻ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። እንዲያም ሆኖ አንዱ የሌላውን እጅ የሚያሰላው ራሱ ተፎካካሪው ነው።

አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት ነበሩና «አባቴ፣ ማን የሚሰለፍ ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«የሚሰለፈውን አሠልጣኙ ያውቃል» አሉኝ ዐይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ። «የሚያስፈልገውን ግን ጨዋታው ነው የሚያውቀው።»

ውድ አንባቢ፣ ይህ ንግግር ሌሊቱን ሙሉ አብሮኝ ሰነበተና ወደ ጥር ወር 2005 ዓ.ም. መለሰኝ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። አጥቂ ቢበዛ አንዱ ወደ ክንፍ ይሄዳል፤ ተከላካይ ቢተርፍ መሐል ሜዳ ላይ ይሞከራል። የበረኛ ቦታ ግን አይሸነሸንም። ከሁለት ጎበዞች አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ይቀመጣል። ቀድሞ ደግሞ መቀመጡም ትርጉም አልነበረውም፤ በዓለም ዋንጫ ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ ነውና። ከዚያ በፊት በረኛው ቢሰበርም ቡድኑ እንደምንም ይጨርሰዋል እንጂ ጓንቱን አጥልቆ የሚጠብቅ ሰው ሊገባለት አይችልም ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ፣ ግቡን የጠበቀው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር። እኛ ግን ያንን ቀን ስንተርክ መንግሥቱ ወርቁን፣ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎን እናነሣለን። በረኛው ከታሪኩ ጠርዝ ላይ ነው የሚገኘው። የእርሱ ተጠባባቂ ደግሞ ከጠርዙም ውጪ ነው።

ልክ በሃምሳ አንደኛ ዓመቱ፣ በዚያው በጥር 13 ቀን፣ 2005 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ያን ምሽት ሲቀላ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቤት፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣበን ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠን ነበር። ተጋጣሚያችን የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ፣ ሜዳው የደቡብ አፍሪካው ኔልስፕሩት ነው። የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው አንደኛ ምርጫ ጀማል ጣሰው ግቡ ሥር ቆሟል፤ ሲሳይ ባንጫ ወንበር ላይ ነው።

ሳላዲን ሰይድ የፍፁም ቅጣት ምት ሲያመክን ቤቱ በሐዘን ጸጥ አለ። ብዙም ሳይቆይ ጀማል ከግብ ክልሉ ውጪ ድረስ ወጥቶ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ከዛምቢያዊው ቺሳምባ ሉንጉ ጋር ተጋጨ። ዳኛው ቀይ ካርድ መዘዙ። ጀማል ራሱም ተጎድቶ ነበርና በቃሬዛ ወጣ። አንድ የሜዳ ተጫዋች ተሠውቶ ሲሳይ ገባ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሲሳይ «ሁለተኛው» ነበር። ገና ሰውነቱ ሳይሟሟቅ የአገር ግብ በእጁ ላይ ወደቀ። ከእረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አስቆጠረብን። ከእረፍት በኋላ ግን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ አሥር ሆነን ከሻምፒዮኑ ጋር 1 ለ 1 ተለያየን። ቤቱ ውስጥ የማያውቀውን ሰው ያላቀፈ አልነበረም። አዳነን ተሸክመን ጎዳና ወጣን፤ በቀረው ሰዓት ሁሉ ግቡን ሳያስደፍር የዘለቀውን ሲሳይን ያነሣ ሰው ግን ትዝ አይለኝም።

ጥር 17 ቀን ሲሳይ ከመጀመሪያው ተሰለፈ። በዚያ ጨዋታ የቡርኪና ፋሶው በረኛ አብዱላይ ሱላማም በተራው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ባላጋራዎቻችን ግን አሥር ሆነው ሦስት ግብ ጨምረውብን 4 ለ 0 ተሸነፍን። ጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያን ገጠምን። ቪክቶር ሞሰስ በ80ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት አስቆጠረ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሌላ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ሲሳይም በሁለተኛ ቢጫ ከሜዳ ተሰናበተ። ቅያሪያችን አልቋል። ሌላ በረኛ ማስገባት አይቻልም። የመሐል ሜዳው ተጫዋች አዲስ ሕንፃ የበረኛ ማልያ አጥልቆ፣ የእርሱ ባልሆነ ጓንት፣ የዓመቱን ዋንጫ የኋላ ኋላ ከወሰደው ቡድን ፊት ቆመ። ሞሰስ መታ፤ ገባ።

በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሦስት ሰዎች በዚያ ቦታ ላይ ቆሙ። ለአንደኛነት የተደረገው የወራት ፉክክር የወሰነው የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ስድስት ደቂቃዎች ያህል ብቻ ነበር።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የካሜሩኖቹ ቶማስ ንኮኖና ጆሴፍ አንትዋን ቤል ለአንዲት ማልያ ከአሥር ዓመት በላይ ተፎካክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ጣሊያን ላይ ተራው የቤል ነበር። ቤል ግን የቡድኑን ዝግጅት በጋዜጣ ነቅፎ ተናገረና በዋዜማው ከአሰላለፍ ወጣ። ለመቀመጥ የተዘጋጀው ንኮኖ ሰኔ 8 ቀን እ.ኤ.አ. ከማራዶናዋ አርጀንቲና ፊት ቆመ። ካሜሩን ዘጠኝ ሰው ቀርቷት 1 ለ 0 አሸነፈች። ያን ጊዜ ልጅ የነበረው ጣሊያናዊው ጃንሉዊጂ ቡፎን በንኮኖ ተማርኮ በረኛ ሆነ፤ ለመጀመሪያ ልጁም ቶማስ የሚለውን ስም ሰጠው።

ከአርባ ምንጭ ቀና ስል የዶርዜን ተራራ አያለሁ። እዚያ ላይ ስለ አንድ ሰው ቦታ ሌላ ዓይነት ሥርዓት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስለ ዶርዜ የጻፉት አንትሮፖሎጂስቶች ዳን ስፐርበርና ጁዲት ኦልምስቴድ እንደሚነግሩን፣ ሀላቃ የሚሆነውን የሚመርጠው ጉባኤው ነው። የተመረጠው ከገዛ ሀብቱ ለአገሩ ድግስ ይደግሳል፤ ራሱን ቅቤ ተቀብቶ በመስቀል ገበያውን ይዞራል። ወጪው ከባድ ስለሆነ ከሹመቱ የሚሸሽም ነበር። ጊዜው ሲደርስ ቦታው ለሌላ ይተላለፋል፤ የለቀቀውም እንደ ተሸናፊ አይታይም፤ ተራውን እንደ ተወጣ ሰው ይከበራል። እኛ የኳስ ወዳጆች ግን ለተቀመጠ ሰው የሚሆን ክብር ገና አላበጀንም። አንደኛውን እናሞግሳለን፣ ሲስት እንረግማለን፤ ሁለተኛውን የምናስታውሰው አደጋ ሲመጣ ነው።

ከመስቀል በኋላ በአንድ ቅዳሜ የኮሌጁን ጨዋታ ለማየት ሄድኩ። የተሰለፈው ረጅሙ ልጅ ነበር። አጭሩ ከጨዋታው በፊት ኳስ እየመታ ጓደኛውን አሟሟቀውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አልተጠራም፤ ጓንቱንም አላወለቀም። ፊሽካው ሲነፋና ሰው ሲበተን ረጅሙን ልጅ በእጁ ጠቅሶ ጠራው። አንዳች ነገር ተባባሉ። ከዚያም አጭሩ ሄዶ ግቡ ሥር ቆመ፤ ረጅሙ፣ ማልያው ላይ ያለው ላብ ሳይደርቅ፣ ኳሱን አስተካክሎ ይመታለት ጀመር።

እስኪመሽ ቆሜ አየኋቸው።