ዞሮ ማየት ያልቻለው ታንክ

ስለ ደምበጊና ውጊያ ስናወራ ብዙ ጊዜ ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንጨርሰዋለን። «አባቶቻችን ታንክን በጎራዴ ድል አደረጉ» እንልና እናልፋለን። ደስ ይላል፣ ግን እንዲህ ስንል ያሳነስናቸው ይመስለኛል። ብረት በጎራዴ አይቆረጥማ! ታዲያ ምን አድርገው ነው ያሸነፉት? መልሱ ያለው ታንኩ ላይ ነው፤ በተለይ መሣሪያው እንዴት እንደተገጠመበት ላይ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ይዛብን የመጣችው ታንክ ሲቪ 33 እና ተከታዩ ሲቪ 35 ይባላል። በኋላ ሁለቱም ኤል 3 ተባሉ። ታንክ እንበለው እንጂ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ታንክ አይደለም። ክብደቱ 3 ቶን ከምናምን፣ ቁመቱ ከአንድ ጎልማሳ ደረት ብዙም የማያልፍ፣ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት ሰንሰለታም የብረት ሳጥን ነው። የፊቱ ብረት 14 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ተራ የጠመንጃ ጥይት ከፊት አይበሳውም። ንድፉ የተወሰደው ካርደን ሎይድ ከተባለው የእንግሊዝ ታንኬት ነው። ጣሊያኖቹ በሐሳባቸው የነበረው የአልፕስ ተራራ ጦርነት ስለነበር፣ በጠባብ የተራራ መንገድ የሚሄድ ትንሽና ርካሽ ነገር ፈለጉ። አንሳልዶና ፊያት በብዛት አመረቱት።

መጀመሪያ የተገጠመለት አንድ 6.5 ሚሊ ሜትር መትረየስ ነበር። ይህ አነሰ ተባለና ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር መትረየስ ጎን ለጎን ተገጠመለት። ወረቀት ላይ ትልቅ መሻሻል ነው፦ ጥይቱ ወፈረ፣ አፈሙዙ ሁለት ሆነ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ይሄ ታንክ ቱሬት የለውም፤ ከላይ ዙሪያውን የሚሽከረከረው የመሣሪያ ቤት ማለቴ ነው። መትረየሶቹ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ በግራ በኩል የተተከሉ ናቸው። ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞሩት በጠቅላላው 24 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ መሆኑን አስታውሱ። በአንድ ጊዜ መተኮስ የሚችለው ከዙሪያው አንድ አሥራ አምስተኛውን ነው ማለት ነው። በጎን ለመጣ ጠላት ታንኩ እንዳለ መዞር አለበት። ሾፌሩም ተኳሹም የሚያዩት በጠባብ ስንጥቅ ነው፣ ሞተሩ ከኋላቸው ይጮኻል። ቴክኒሻኖቹ አፈሙዝ ሲጨምሩ ቀዳዳዋን አላሰፏትም።

አሁን ወደ ሽሬ እንሂድ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ጦር ግንባር ቀደም ተከዜን ተሻግሮ ወደ እንዳ ሥላሴ አቅጣጫ ይገፋል። መንገዱን የሚጠብቀው ሻለቃ ክሪኒቲ የሚባል የጣሊያን መኮንን ነው፤ አንድ ሺህ ገደማ ኤርትራውያን ወታደሮችና ከአሥር ያልበለጡ እነዚህ ታንኬቶች አሉት። ክሪኒቲ ወደ ደምበጊና ማለፊያ አፈገፈገ። እዚያ ሲደርስ የእኛ ሰዎች ከኋላውም ቀድመውታል። ተከበበ። ታንኬቶቹን አስቀድሞ ሰብሮ ለመውጣት ሞከረ።

የታንኬቱ ድክመት የታየው እዚህ ላይ ነው። ቦታው ሜዳ አይደለም፤ ድንጋይና ቁልቁለት ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ታንኬቱ እንደልቡ ተጠማዝዞ አፈሙዙን ወደ ፈለገበት ማዞር አይችልም። ተዋጊዎቹ ከፊቱ ራቁና ከጎንና ከኋላ መጡበት። ላዩ ላይ ወጡበት። ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ምን ያድርጉ? መትረየሱ ወዲያ ነው የሚያየው። ከውስጥ ሆኖ ከኋላ የመጣን ሰው የሚመታ ምንም ነገር አልነበራቸውም። ክዳኑን ከፍቶ መውጣት ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ግልጽ ነው። ታንኬቶቹ አንድ በአንድ ከጥቅም ውጭ ሆኑ፣ ክሪኒቲም ራሱ ቆሰለ። ሊረዳው በመጣው የመኪናና የታንኬት ሰልፍ ላይም ድንጋይ እየተንከባለለ መንገዱ ተዘጋ።

እኔ ይህንን ተአምር ብዬ አልጠራውም። የማያውቁትን ማሽን በአንድ ቀን ውጊያ ውስጥ አጥንተው፣ የማያይበትን ጎኑን ለይተው ገቡበት። ይህ እኮ ከጎራዴው ይበልጣል!

ጣሊያኖች ለዚህ ሽንፈት ምን መልስ ሰጡ? በዚያው ወር የተሻለ ታንክ አልመጣም። የመጣው ከሰማይ ነው። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13፣ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ ፈሳሽ የሞላባቸው በርሜሎች ጣሉ። የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። እጅ፣ እግርና ፊት እንዴት እንደተላጠ ራስ እምሩ በኋላ ራሳቸው መስክረዋል። ደምበጊናን በድል ታሪክነት ብቻ የምናነብ ሰዎች ይህንን ገጽ ቶሎ እንገልጠዋለን።

የታንኬቱ ጣጣ ግን አላበቃም። ብዙም ሳይቆይ ይኸው ማሽን ከነመትረየሱ ወደ ስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተላከ። ጥቅምት 19 ቀን 1929 ዓ.ም. ሴሴኛ በምትባል ከተማ ከሶቪየት ቲ-26 ታንክ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ቲ-26 በሚዞር ቱሬት ላይ 45 ሚሊ ሜትር መድፍ አለው። 8 ሚሊ ሜትር መትረየስ እዚህ ላይ ምን ዋጋ አለው?

እናም የፍራንኮ ሰዎች ማሻሻል ጀመሩ። ብሬዳ የተባለውን የጣሊያን 20 ሚሊ ሜትር መድፍ ታንኬቱ ላይ ለሙከራ ገጠሙት። መድፉ የቲ-26ን ብረት መብሳት ይችላል። ሆኖም መድፉ ከጀርመኑ ትንሽ ታንክ፣ ከፓንዘር 1 ጋር ይሻላል ተባለና ሐሳቡ ወደዚያ ዞረ። ለምን? ፓንዘር 1 ቱሬት አለው! አራት ያህሉ ተለወጡ። እዚያም ቢሆን ችግር አልጠፋም፤ ለማነጣጠሪያ የተቆረጠችው ቀዳዳ መከላከያ ስላልነበራት በውስጧ ጥይት እንዳይገባ ሠራተኞቹ ይሰጉ ነበር። ተጨማሪ መሣሪያ በተጨመረ ቁጥር የሆነ ቦታ ቀዳዳ ይበጃል።

በነገራችን ላይ ይህንን ታንኬት ከገዙት መካከል ሃንጋሪዎች ለአንዳንዶቹ ላያቸው ላይ ትንሽ መመልከቻ ጉልላት ጨመሩላቸው። አዲስ መድፍ ሳይሆን ዐይን ማለት ነው። ለእኔ ከሁሉም የገባቸው እነሱ ናቸው።

ጣሊያኖቹ ግን በሊቢያ በረሃም ያንኑ አካሄድ ቀጠሉ። በጥቂት ታንኬቶች ላይ መትረየሶቹን አንሥተው ሶሎቱርን የተባለ 20 ሚሊ ሜትር ፀረ ታንክ ጠመንጃ ተከሉ። አሁንም ወደ ፊት ብቻ!

የተማሩት በጎማ ተሽከርካሪ ላይ ነው። ኤ.ቢ. 40 የተባለው ብረት ለበስ መኪና በቱሬት ላይ ሁለት 8 ሚሊ ሜትር መትረየስ ነበረው። ጥቂት ከተሠራ በኋላ ቱሬቱ በሙሉ ተለውጦ 20 ሚሊ ሜትር ብሬዳ የያዘው መጣ፣ ስሙም ኤ.ቢ. 41 ሆነ። ይህ መኪና ከኋላም ሌላ መሪ አለው፤ ሳይዞር ወደ ኋላ ይነዳል። ከኋላ ለሚመጣ ጠላትም የራሱ መትረየስ አለው። ደምበጊና ላይ የጎደለው ሁሉ ተሟላ፤ ግን እነሱ እዚህ ሲደርሱ ጃንሆይ አዲስ አበባ ገብተዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1933 ዓ.ም. ከኬንያ በኩል ከገባው ጦር ጋር ማርሞን ሄሪንግተን የሚባሉ የደቡብ አፍሪካ ብረት ለበስ መኪናዎች ነበሩ። መሣሪያቸው ቀላል ነበር፦ መትረየስ። ከዚሁ ዓይነት መኪና ጋር ሰሜን አፍሪካ የዘመቱት ወታደሮች አነሰን አሉና የማረኩትን የጣሊያን ብሬዳ ራሱን ጫኑበት። መድፉ ቱሬቱ ውስጥ አልገባ ሲላቸው ቱሬቱን ነቅለው ጣሉት። ተኳሹ ራሱ ላይ ክዳን የለውም፣ ዙሪያውን ግን ያያል።

ከሽሬ አካባቢ የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ ስለዚያ ቀን ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በተለይ ታንኩ ላይ መጀመሪያ ስለወጣው ሰው።