የኮንትራት መኪና በጅማና አካባቢዋ

የኮንትራት መኪና (በአጭሩ «ኮንትራት») አንድ ቡድን ሚኒባስ ወይም አውቶቡስ ከነሹፌሩ ለአንድ ጉዞ ወይም ለተወሰኑ ቀናት በስምምነት የሚከራይበት አሠራር ነው። ከመናኸሪያ ተራ ይዞ ከሚወጣ መኪና የሚለየው መነሻውን፣ መድረሻውንና ሰዓቱን ተከራዩ የሚወስን መሆኑ ነው። የመደበኛ መስመር ታሪፍ በኪሎ ሜትር ተሰልቶ በመንግሥት ሲወጣ፣ የኮንትራት ዋጋ ግን በድርድር ይቆረጣል። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ ማለትም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃ ጨቆርሳና በመሳሰሉት፣ መደበኛ መኪና የማይገባባቸው ቀበሌዎች ብዙ ስለሆኑ በቡድን መጓዝ የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ኮንትራት ይሄዳል።

ታሪክ

መኪና ከመግባቱ በፊት በጅማ የሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ነበር፤ ሰውና ዕቃ የሚጓጓዘውም በበቅሎና በአጋሰስ ነበር። ጣልያን አገሪቱን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ጅማ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ ሆነች፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የመኪና መንገድም ያኔ ተሠራ። ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡት መንገዶች ግን አብዛኞቹ የቅርብ ጊዜ ሥራ ናቸው፤ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ዓላማው ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ማገናኘት ነበር።

ተከራዮችና ወቅቶች

ኮንትራት ከሚይዙት መካከል የሰርግ አጃቢዎች፣ እድሮች፣ ወደ ንግሥ ወይም ወደ ዝያራ የሚሄዱ ምእመናን፣ የእግር ኳስ ቡድኖችና ተማሪዎች ይገኙበታል። የተማሪዎች የተለመዱ መዳረሻዎች በጅሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከጅማ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በአጋሮ መንገድ ያለው የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም የአካባቢው ሰው የቡና መገኛ ነው የሚለው በጎማ ወረዳ ያለው ጮጬ ናቸው። ወደ ካፋ ዞን የሚያመሩት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ቦንጋ ይደርሳሉ።

መኪና በጣም የሚወደደው በጥር ነው። ቡናው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ተለቅሞ፣ ተሸጦ ገንዘቡ እጅ የሚገባበትና ሰርግ የሚበዛበት ወቅት አንድ ላይ ይገጥማል። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገቡ የሰርጉ ሥራ ይቀዘቅዛል። የለቅሶ ኮንትራት ግን ወቅት የለውም፤ ዜናው በማታ ተሰምቶ መኪናው በማለዳ መነሳት አለበት። ለመደራደር ጊዜ ስለማይኖርም፣ እድሮች ከሚያውቁት ባለንብረት ጋር አስቀድመው መስማማታቸው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

የመኪና ዓይነቶች

ለትንሽ ቡድን የሚመረጠው የቶዮታ ሚኒባስ ሲሆን «አባዱላ» እና «ዶልፊን» የሚባሉት በብዛት ይታያሉ። ከሃያ ሰው በላይ ከሆነ ኮስተር ወይም ቅጥቅጥ ይፈለጋል። ቅጥቅጥ ስሙን ያገኘው አካሉ በአገር ውስጥ ተቀጥቅጦ በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ስለሚሠራ ነው። ምቾቱ ከኮስተር ያንሳል፤ ነገር ግን ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑ ለጠጠርና ለቦረቦር መንገድ ይሻላል። ትልቁ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በአስፋልቱ ላይ ጥሩ ቢሆንም በጠባብ የገጠር መንገድ መዞሪያ ስለማያገኝ ተሳፋሪው የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር በእግሩ ሊጨርሰው ይችላል።

መንገዱ

የኮንትራት ዋጋም ጭቅጭቅም በአብዛኛው የሚመነጨው ከመንገዱ ነው። ጅማን ከአጋሮና ከቦንጋ ጋር የሚያገናኙት ዋና መንገዶች አስፋልት ናቸው። ከእነሱ ተገንጥለው ወደ ቡናው ቀበሌዎች የሚገቡት ግን በአብዛኛው ጠጠር ወይም አፈር ናቸው። የአካባቢው ቀይ ሸክላማ አፈር ለቡና ተስማሚ የሆነውን ያህል ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚዘንበውም ከሚያዝያ እስከ መስከረም ነው። በጥር በአንድ ሰዓት የተደረሰበት ቀበሌ በሐምሌ ጨርሶ ላይደረስበት ይችላል።

ስለዚህ «አጋሮ አካባቢ ነው» ብሎ መነጋገር በቂ አይደለም። ሹፌሩ አስፋልቱን አስቦ ዋጋ ይቆርጣል፤ መገንጠያው ላይ ሲደርስ «እዚህ ድረስ ነው የተስማማነው» ይላል፤ ተሳፋሪውም ቦታው ሳይደርስ ድርድሩ እንደገና ይጀመራል። ከሹፌሩ አንጻር ሲታይም ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ ጎማው ቢቀደድ፣ ባሌስትራው ቢሰበር የሚከፍለው ባለንብረቱ ነውና። የስልክ ካርታም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ አጭሩን መንገድ ያሳያል እንጂ ትናንት ማታ መዝነቡን አያውቅም። የሚሻለው በዚያው ሳምንት ወደ ቀበሌው የተመላለሰ ሰው ፈልጎ መጠየቅ ነው።

ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ ለሚመጣ ቡድን ደግሞ ከወልቂጤ በኋላ ያለው የጊቤ ሸለቆ አለ። ቁልቁለቱ ረጅም ስለሆነ ፍሬኑ ያልተፈተሸ መኪና በዚህ መስመር ሊታመን አይገባም።

ዋጋና ቀብድ

ዋጋው በደርሶ መልስ ወይም በቀን ይቆረጣል። በሁለቱም ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ ሹፌሩና ረዳቱ ካደሩ አበልና ማደሪያ ማን እንደሚችል፣ ከታቀደው በላይ ቢጠበቅ ምን እንደሚጨመር መለየት ይኖርበታል። «ነዳጅ በተከራይ» የተባለ ውል በመጀመሪያ ርካሽ ይመስላል፤ ናፍጣ በሚጠፋበት ጊዜ ግን ወረፋውም የተከራዩ ችግር ይሆናል። ስምምነቱ በደላላ ከተደረገ የደላላው ድርሻ በዋጋው ውስጥ መካተቱን መጠየቅ ይገባል።

አብዛኛው ኮንትራት በቃልና በቀብድ ይጸናል። ብዙ ሰው ቀብድን ተራ ቅድሚያ ክፍያ አድርጎ ይቆጥረዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ድረስ የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል፤ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በሰርግ ሰሞን የተሻለ ከፋይ አግኝቶ የቀረ ባለመኪና ያንኑ የተቀበለውን ብር ብቻ ሲመልስና ተከራዩም «ገንዘቤ ተመለሰልኝ» ብሎ ሲሄድ ሁለቱም ይህን ድንጋጌ አላስታወሱም ማለት ነው። መብቱን ለማስከበር ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር መላክና ምክንያቱን መጻፍ፣ አለዚያም ቀኑን፣ መድረሻ ቀበሌውን፣ የሰውን ብዛትና የታርጋ ቁጥሩን በአንድ ወረቀት አስፍሮ መፈራረም ይበቃል።

ሰነድና ደኅንነት

ለኪራይ የሚሠራ መኪና በተለመደው የሰሌዳ አሰጣጥ ኮድ 3 ታርጋ አለው፤ ኮድ 2 የግል መኪና ነው። ሹፌሩ የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱም እንደ ወንበሩ ብዛት በደረጃ ይለያል፤ ሚኒባስ ለመንዳት የበቃ ሁሉ አውቶቡስ መንዳት አይፈቀድለትም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ሲሆን ምልክቱ በፊት መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። መስመር የተመደበለት መኪና ከመስመሩ ውጭ ለኮንትራት ሲወጣ ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የፈቃድ ወረቀት መያዙን መጠየቅም ጥሩ ነው፤ ወረቀት የሌለው መኪና ኬላ ላይ ሲያዝ ሰርገኛውም አብሮ ይቆማል።

ከሁሉ የሚከብደው ትርፍ መጫን ነው፤ ይህ ደግሞ ሁልጊዜ በሹፌሩ አይመጣም። ለሃያ አምስት ሰው የተያዘ መኪና ደጅ ሲቆም ሠላሳ አምስት ሰው ይወጣል፤ ጎረቤትን «አትግባ» ማለት ነውር ስለሚመስል አስተባባሪው ዝም ይላል። ከዚህም የባሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ሰውን በጭነት አይሱዙ ላይ ማሳፈር ሲሆን ይህ በሕግ የተከለከለ ነው። ወንበር የሌለው ሰው በመኪናው መገልበጥ ጊዜ የሚይዘው ነገር የለውም። አንዳንድ አስተባባሪዎች መዋጮውን ሲሰበስቡ የወንበር ቁጥር እየሰጡ ስም ይጽፋሉ፤ በመሳፈሪያ ሰዓትም የሚከለክለው ዝርዝሩ እንጂ ሰው አይሆንም።

በመጨረሻም መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽ ምትክ የሚያመጣው ማን እንደሆነና ምትክ ካልተገኘ ስንት ብር እንደሚመለስ ከመነሳት በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። ከጅማ ርቆ፣ ከመሸ በኋላ በቡና እርሻ መካከል ሌላ መኪና ማግኘት ቀላል አይደለም።