ሰማይ ሁለት ጣቢያ ሲቀላቅል

ፀሐይ ከጣና ማዶ ስትጠልቅ በፎገራ ሜዳ፣ በርብና በጉማራ መካከል፣ መካከለኛ ሞገድ የሚከፍት ሰው ቀን ያልነበሩ ሩቅ ጣቢያዎች ሲጎርፉለት ያገኛል። ምክንያቱ ከሜዳው ሽቅብ፣ ሰማይ ላይ ነው። የፀሐይ ጨረር ከአየሩ አቶሞችና ሞለኪዩሎች ኤሌክትሮን እየነጠቀ አዮኖስፌር የተባለውን ፕላዝማ ይፈጥራል፤ የታችኛው ንብርብር ቀን ሞገዱን ይውጣል፣ ሲመሽ ይሳሳል፣ የላይኛው ደግሞ ሞገዱን አጥፎ ወደ ምድር ይመልሳል። የዶቼ ቬለ የአማርኛ ስርጭት በ1965 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በአጭር ሞገድ ባሕርና በረሃ የተሻገረው በዚሁ ሰማይ ነው። ሰማዩ ግን እንደ መስታወት ዝም ብሎ አይመልስም፤ ብርቱ ሞገድ ሲያልፍበት ራሱ ይለወጣል። የሞገድ ጉልበት ሲበረታ የቁስ ምላሽ ምጥጥኑን እንደሚስት ስናነሳ ወዲያው ሌዘር ይታወሰናል። ጉዳዩን ለብዙ ጆሮ ያሰማው ግን ሬዲዮ ነው፤ ያውም ከሌዘር በፊት።

በ1933 የፊሊፕስ መሐንዲሱ በርናርድ ቴሌገን ከኔዘርላንድስ አንድ እንግዳ ነገር ዘገበ። የስዊዘርላንዱን የቤሮሙንስተር ጣቢያ ሲያዳምጡ፣ ከጀርባው የሉክሰምበርግ ሬዲዮ ይሰማል፤ ሁለቱ ግን በተራራቀ ሞገድ ነው የሚያሰራጩት። ጥፋቱ የመቀበያው ነው ማለት ይቀላል። ቴሌገን ግን በ1926 ፔንቶድ የተባለውን የሬዲዮ ቱቦ የፈለሰፈ ሰው ነበር፤ የመቀበያን ጠባይ ለእርሱ የሚያስተምረው አልነበረም። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ካርታው ነው፦ ሉክሰምበርግ ከቤሮሙንስተር ወደ ኔዘርላንድስ በሚወስደው መስመር አቅራቢያ ትገኛለች። በማግሥቱ ዓመት ተመራማሪዎቹ ቤይሊና ማርቲን ምስጢሩን ፈቱት። ኃይለኛው የሉክሰምበርግ ሞገድ የፕላዝማውን ኤሌክትሮኖች ያሞቃል፤ የሞቁት ኤሌክትሮኖች ከአየሩ ሞለኪዩሎች ጋር የሚጋጩበት ፍጥነት ይለወጣል፤ በዚያው የሚያልፈው የሌላው ጣቢያ ሞገድም መጠኑ የሉክሰምበርግን ድምፅ እየተከተለ ከፍ ዝቅ ይላል። ኤሌክትሮኖቹ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ጊዜ ስለሚፈልጉ ወፍራሙ ድምፅ ከቀጭኑ ይልቅ ጎልቶ ይተላለፋል። ይህም በሙከራ ታይቷል።

ሬዲዮ ብርሃን አይደለም የሚል ይኖራል። ሁለቱም ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሞገዱ ርዝመት ነው። ይልቅ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ቫቪሎቭና ሌቭሺን በ1926 የዩራኒየም መስታወት ብርቱ ብርሃን ሲያርፍበት ብርሃን የመምጠጥ አቅሙ እንደሚቀንስ አይተዋል። ቀዳሚነቱ ይገባቸዋል። ያዩት ለውጥ ግን ጥቂት ነበር፣ ከቤተ ሙከራም አልወጣም፤ የሉክሰምበርጉን ማንም አድማጭ በቤቱ ሊሰማው ይችል ነበር። የፊዚክስ ተመራማሪው ፒተር ፍራንከንና ባልደረቦቹ የቀይ ሌዘርን ጨረር በኳርትዝ አሳልፈው የሞገድ ርዝመቱን በግማሽ ያሳጠሩት በ1961፣ ከቴሌገን 28 ዓመት በኋላ ነው።

የኛ ሰማይ ደግሞ ለአዮኖስፌር ጥናት የተለየ ነው፤ የማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎም ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ከ1957–58 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጀምሮ ማግኔቱን ሲለካ የኖረው አንድም ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን ፎገራ ላይ ጣቢያ በጣቢያ ሲደረብ ሁሉ ጥፋቱ የሰማይ ነው ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የተጠጋጉ ሞገዶች ግፊያ ነው። መለያውም ቀላል ነው። መቃኛውን ትንሽ ዞር አድርጉት፦ እንግዳው ድምፅ ከጎን ጎልቶ ከመጣ የራሱ ሞገድ አለው፤ ከዋናው ጣቢያ ጋር አብሮ ከጠፋ ግን፣ ኃይለኛ ማሰራጫ በአቅራቢያችሁ እስከሌለ ድረስ፣ ሰማዩን መጠርጠር ይቻላል።